ፊደል፣ መሣሪያና ወጣት፦ የግእዝ ፊደል ከጽሕፈት መኪና እስከ እጅ ስልክ

(በፋኩልቲያችን ለሕዝብ ክፍት በሆነው ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ገለጻዬን የምጀምረው ከአንዲት ተማሪ በተሰጠኝ መልስ ነው። ባለፈው ዓመት የጽሑፍን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል፣ ወጣቶች አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ የሚላላኩበትን ልማድ አንሥቼ በምሬት ተናግሬ ነበር። «የራሳችሁ ፊደል እያላችሁ ስለምን በሰው ፊደል ትጽፋላችሁ?» ብዬ ተግሣጽ ብጤ ሰነዘርኩ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አነሣች። አፏን የፈታችው በአዊ ዞን በሚነገረው የአገው ቋንቋ፣ በአውኚ ነው። «መምህር፣ እኔ በፊደላችን ልጽፍ ብል እንኳ የቋንቋዬን ስም በስልኬ በትክክል መጻፍ አልችልም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በቋንቋው ስም ውስጥ ያለው ድምፅ የአማርኛው «ኝ» አይደለም፤ የምላስ ሥር ወደ ላይ ተነሥቶ በአፍንጫ የሚወጣ ሌላ ድምፅ ነው። ለእርሱም በግእዝ ፊደል ቤተሰብ ውስጥ «ጘ» የተባለ ፊደል ከነሰባት እርባታው አለ። በስልኳ ላይ የነበረው የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ግን ይህን ፊደል አልያዘም። ስለዚህ ልጅቱ የቋንቋዋን ስም የምትጽፈው በጎረቤት ቋንቋ ፊደል ነው። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ የፈቃድና የፍቅር ጉዳይ አድርጌ ስመለከተው የኖርኩትን ነገር እንደ ታሪክ ጥያቄ ልመረምረው ተገደድኩ።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ወጣቱ በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ የሚወሰነው በአብዛኛው ወጣቱ ስልኩን ከመያዙ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ መሣሪያው በተሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነው። መሣሪያው ዘግይቶ ሲደርስ ልማድ ቀድሞት ይገኛል። ልማድን ደግሞ ተግሣጽ ብቻውን አይመልሰውም።

ከማተሚያ ቤት እስከ ጽሕፈት መኪና

የግእዝ ፊደል ከኅትመት ጋር የተዋወቀው ብዙዎቻችን ከምንገምተው ቀደም ብሎ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው የኮሎኝ ሰው በሮም ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 አሳተመ። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር፣ የእርሳስ ፊደል ኅትመት ፊደሉ ራሱን እንዲለውጥ አለመጠየቁ ነው። አታሚው ሁለት መቶ ቅርጽ ቢያስፈልገው ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ቢያስፈልገው ሦስት መቶ ይቀርጻል፤ መደርደሪያውን ማስፋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1925 መታተም ሲጀምር የአዲስ አበባ አንባቢ ከነሙሉ እርባታው የሚያውቀውን ፊደል ነው ያገኘው።

የጽሕፈት መኪና ግን ሌላ ጠባይ ይዞ መጣ። መኪናው ከአርባ እምብዛም የማይበልጡ ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ቅርጽ ቢሸከም ከዘጠና አይዘልም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። እንግዲህ ወይ መኪናው ይሰፋል፣ ወይ ፊደሉ ይጠባል። በዚህ ሥራ ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚነሣው መሐንዲሱ አያና ብሩ ነው። የተገኘው መፍትሔም ፊደሉን አፍርሶ መገጣጠም ሆነ፤ ግእዙ ቅርጽ አንድ ቁልፍ፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ሌላ ቁልፍ። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያየ ሰው ከፊደሉ ጎን በትንሹ ተነጥላ የቆመችውን ቅጥያ ያስታውሳታል።

ይህ መፍትሔ ለዘመኑ ታላቅ ብልሃት ነበር፤ ላቃልለው አልሻም። ነገር ግን አንድ ሐሳብ አብሮት ገባ፤ ችግሩ ያለው በመኪናው ሳይሆን በፊደሉ ነው የሚል ሐሳብ። በተከታዮቹ አሠርት ዓመታት ፊደልን ስለማሻሻል ብዙ ክርክር ተደርጓል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ከሚለው ጀምሮ የእርባታው ሥርዓት ተለውጦ አናባቢዎቹ ለብቻቸው ይጻፉ እስከሚለው ድረስ ልዩ ልዩ ሐሳቦች ቀርበዋል። ከሐሳቦቹ መካከል የቋንቋ ምርምር ያፈራቸው በሳል አስተያየቶች ነበሩ። ከአብዛኞቹ ጀርባ ግን መኪናው በዝምታ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ፊደሉ «በዛ» የተባለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ከአንባቢው የመማር አቅም ጋር ነው ወይስ ለሌላ ፊደል ከተሠራ መኪና የቁልፍ ብዛት ጋር? ሁለቱ ጥያቄዎች ተደባልቀው ኖሩ።

የ256 ቦታዎች ዘመን

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ ይቀራል ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር። ማያ ገጽ የፈለጉትን ቅርጽ ይስላልና። ሆኖም በ1980ዎቹ የነበሩት ማሽኖች ለፊደላት የመደቡት ሠንጠረዥ 256 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ የመጀመሪያዎቹ 128 አስቀድመው ለእንግሊዝኛው የላቲን ፊደልና ለማሽኑ ትእዛዞች ተይዘዋል። የቀረው ቦታ ለፊደላችን አይበቃም። እንደ አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚያው አሠርት ዓመት ግእዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ሶፍትዌሮችን ሠሩ። በአገር ቤትም በውጭም ሌሎች ተከተሏቸው። ሁሉም በዚያች ጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ ፊደሉን እንደየብልሃታቸው አስቀመጡት፤ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያዎቹን ለያቸው።

ውጤቱን ከእኔ ትውልድ የማያስታውስ የለም። በአንድ ቢሮ የተጻፈ ሰነድ በሌላ ቢሮ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ «ሰ»ን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የላቲኑን ፊደል የ«ሰ» ልብስ አልብሶ ያሳየናል እንጂ። ልብሱ ሲወልቅ ከሥሩ ያለው ይገለጣል።

እኔ ራሴ የሁለተኛ ዲግሪ የጥናት ጽሑፌን በዚያ ዘመን በኮምፒውተር አስተየብኩ። በፍሎፒ ዲስክ ይዤው ኖርኩ። ከዓመታት በኋላ ከአረጋውያን የሰበሰብኳቸውን ቃለ ምልልሶች ፈልጌ ፋይሉን ስከፍት አንድም የሚነበብ ቃል አላገኘሁም። ዋናው ጽሑፍ በወረቀት ስለተጠረዘ ዳነ፤ ቃለ ምልልሶቹን ግን አላሳተምኳቸውም ነበር። ከተናጋሪዎቹ መካከል ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። የታሪክ ባለሙያ ነኝና ይህን እንደ ግል ጉዳቴ ብቻ አላየውም። ወደ ሃያ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ በፊደላችን በኮምፒውተር ከተጻፈው ሰነድ ምን ያህሉ ዛሬ ሊነበብ ይችላል? ብራና አምስት መቶ ዓመት ሲያነብብልን፣ ዲስክ አሥር ዓመት ሳይሞላው ዝም አለ።

አንድ ሠንጠረዥ፣ ሁለት ሕዝቦች

መፍትሔው ከአንድ የፎንት ሠሪ ሊመጣ አይችልም ነበር። የሚያስፈልገው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሠንጠረዥ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ይህ ሐሳብ በ1988 በዜሮክስ ኩባንያ ባልደረባ በጆ ቤከር ተረቀቀ። የግእዝ ፊደል በሠንጠረዡ እንዲገባ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ዓመታት የፈጀ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፣ ተከራክረዋል። በመስከረም ወር 1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። «ሰ» ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽን ውስጥ «ሰ» ሆነ።

በዚያው ዕትም ከእኛ ጋር የገባ ሌላ ፊደል አለ፤ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት የቼሮኪ ሕዝብ ፊደል። ታሪኩ ከእኛው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ሴኮያ የተባለው የቼሮኪ ሰው እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ በ1821 ለቋንቋው ከሰማንያ የሚበልጡ ፊደላት ያሉት አጻጻፍ ፈጠረ። እንደ እኛው ሁሉ አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ይሸከማል። በ1828 «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለው ጋዜጣቸው በዚሁ ፊደልና በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሕዝቡ ከምድሩ በግዳጅ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተሰደደ። ፊደሉ አብሮት ተሰደደ፤ ልጆቹ ግን በኋላ በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ቋንቋቸውን እያጡ ሄዱ።

የቼሮኪ የቋንቋ ባለሙያዎች ከ1999 በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ትኩረቴን የሳበው። ፊደላቸው ቁጥር በማግኘቱ አልረኩም። ልጆች በሙሉ በቼሮኪ የሚማሩባቸውን ክፍሎች ሲከፍቱ፣ ልጁ ከክፍል ወጥቶ ስልኩን ሲያነሣ ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመለስ ተገነዘቡ። ስለዚህ ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ደጅ ሄዱ። በ2010 ፊደላቸው በአይፎን ላይ ከነቁልፍ ሰሌዳው ተካተተ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የጉግል መፈለጊያና የዊንዶውስ ስምንት ማያ ገጽ በቼሮኪ ቀረቡ። አንድ ልጅ ሳይለምን፣ ሳይጭን፣ ገና ስልኩን ሲከፍት ፊደሉን እንዲያገኘው ማድረግ ነበር ዓላማቸው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ማታለል ይሆናል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ሦስቱ የቼሮኪ ጎሳዎች ቋንቋቸው በአስቸኳይ አደጋ ላይ መሆኑን በጋራ ዐወጁ። አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን ነበሩ፤ እነርሱም በየወሩ ያልፋሉ። እንግዲህ መሣሪያ ብቻውን ቋንቋ አያድንም። የሚናገር አያት፣ የሚያስተምር መምህር፣ የሚጽፍለት ጓደኛ ከሌለ ቁልፍ ሰሌዳ ጣውላ ነው። ግን የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ አያቱም መምህሩም ጓደኛውም ኖረው መሣሪያው ከሌለ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ በሚጽፍበት ቦታ ቋንቋው ይቀራል።

የዘገዩት ዓመታት

ወደ እኛ ልመለስ። በ1999 ፊደላችን ቁጥር አገኘ ብያለሁ። ቁጥር ማግኘት ግን ስም በመዝገብ እንደ መስፈር ነው፤ ቤት ማግኘት አይደለም። የአማርኛ ፎንትና ቁልፍ ሰሌዳ ሳይጫን አብሮ የመጣበት የመጀመሪያው ዊንዶውስ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በመጡት በርካታ የእጅ ስልኮችም በፊደላችን የተጻፈ መልእክት ባዶ የአራት ማዕዘን ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር። የአገራችን ወጣት በብዛት በስልክ መጻፍ የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው። ታዲያ ተቀባዩ ሣጥን ብቻ እንደሚያይ እያወቀ በምን ፊደል ይጻፍ?

በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላይም አንድ ስውር ቀረጥ ነበረ። በላቲን የተጻፈ አንድ መልእክት እስከ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል የተጻፈው 70 ብቻ። ፊደላችን ቁጥብ ስለሆነ ጉዳቱ ቁጥሩ የሚያስመስለውን ያህል አይደለም፤ «ሰላም» በእኛ ሦስት ምልክት ሲሆን በላቲን አምስት ነው። ቢሆንም ረዘም ያለ ደብዳቤ ለሁለት ተከፍሎ የሁለት ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሳንቲሙን ለሚቆጥር ተማሪ ይህ ምክንያት ይበቃዋል።

በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛም የግድየለሾች ፈጠራ ብቻ አልነበረም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ግእዝን በላቲን ምልክቶች ያለ ብክነት ለመወከል ሥርዓት ነድፈው ነበር፤ ሠረገላውን ሳያገኙ በእግር የሚያሻግር መንገድ። ወጣቱ ግን ሥርዓቱን ሳይሆን ሐሳቡን ወሰደ። በዚህም «ጠፋ» እና «ተፋ» በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ፤ የትኛው እንደሆነ አንባቢው ይገምታል። ፊደላችንም ጥብቀትና ላልነትን ስለማያሳይ «ገና»ን ስናነብ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው መሆኑን እንገምታለን፤ ስለዚህ መገመት አዲስ ነገር አይደለም። ከባዱ ጉዳት ሌላ ነው። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም አማርኛ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ከአያታቸው ጋር በላቲን ፊደል ይጻጻፋሉ፤ የአያታቸውን መጽሐፍ ግን መክፈት አይችሉም። ቃሉ ተሻግሯል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ወዲያ ማዶ ቀርቷል።

ቁልፍ ሰሌዳው የሚያስተምረው

ዛሬ ሣጥኖቹ በአብዛኛው ጠፍተዋል፤ በነጻ የሚገኙ ፎንቶችና ቁልፍ ሰሌዳዎችም በርካታ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁልፍ ሰሌዳ ሳይናገር የሚያስተምረው ትምህርት አለው። አንዱ ዓይነት የላቲኑን ድምፅ ይከተላል፤ ተነባቢውን በላቲን ትነካለህ፣ አናባቢውን ታስከትላለህ፣ ፊደሉ ይወጣል። ለተማረው ሰው ፈጣን ነው። ሌላው ዓይነት ተነባቢውን ስትነካ ሰባቱን እርባታ ዘርግቶ ያቀርብልሃል። ይኸኛው ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብለን የቆጠርንበት የፊደል ገበታ ነው። የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ያልተማረችውን እናት ከደጅ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ልጇን እንድታስተምር ያስችላታል። መሣሪያ ሠሪው ተማሪ ሁለቱን ሲያስቀምጥ በፍጥነት ብቻ አይመዝናቸው፤ ማን ዐዋቂ እንደሚሆንና ማን ደቀ መዝሙር እንደሚሆን እየወሰነ ነውና።

ቀሪዎቹ ቋንቋዎች

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። የእርሷ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በሠንጠረዡ ውስጥ አለ። የሌሎች ጉዞ ከዚያም ዘገየ። ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደላት በ2005፣ ለጋሞ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የቀረቡት በ2010፣ ለጉራጌ አጻጻፍ የተጨመሩ 28 ፊደላት ደግሞ በ2021 ነው ቁጥር ያገኙት። የማሽን ትርጉምም በዚያው ቅደም ተከተል ይመጣል፤ በጉግል አማርኛ በ2016፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በ2022። እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ስለ ላቲኑ ቁልፍ ሰሌዳ ስናማርር ኖረናል፤ የአማርኛው ቁልፍ ሰሌዳ ደግሞ በሌላው ላይ ያንኑ እንደሚያደርግ አላስተዋልንም። ተማሪዬ በአውኚ ስትጽፍ ስልኳ ከሥሩ ቀይ መስመር እያሰመረ ወደ አማርኛ ቃል ሊያርማት ይሞክራል። አውኚ በአዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው። ልጁ ጠዋት በደብተሩ የጻፈውን ማታ በስልኩ ስሕተት ነህ ይባላል።

ምዕራብ አፍሪካም በዚህ ረገድ ምስክር አላት። በ1989 በጊኒ አብዱላይና ኢብራሂማ ባሪ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ገና ልጆች ሳሉ፣ ለፉላኒ ቋንቋ አድላም የተባለውን ፊደል ፈጠሩ። በእጅ እየገለበጡ፣ በገበያ እያስተማሩ አስፋፉት። በዩኒኮድ የገባው በ2016 ነው። ከፈጠራው እስከ ሠንጠረዡ 27 ዓመት። ፊደሉን በሕይወት ያቆየው መሣሪያው ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው፤ በመላው ዓለም እንዲጻጻፉበት ያስቻላቸው ግን መሣሪያው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ለብዙ አሠርት ዓመታት ማሽኑ ፊደሉን ተለወጥ ሲለው ኖሯል፤ ከዩኒኮድ በኋላ ፊደሉ ማሽኑን ተለወጥ ሊለው ይችላል። ይህ መብት በቀላሉ አልተገኘም፤ ሊዘነጋም አይገባም። ሁለተኛ፣ መሣሪያ ማለት ተፈልጎ የሚጫን ሳይሆን ሳይፈለግ የሚገኝ ሲሆን ነው ለወጣት የሚጠቅመው። ሦስተኛ፣ ለአንድ ቋንቋ የተሠራ መሣሪያ ለጎረቤቱ በር ካልከፈተ የድሮውን የጽሕፈት መኪና ስሕተት ይደግማል።

በዚህ አዳራሽ የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች አብራችሁ ተቀምጣችኋል። የቃላት ዝርዝር ያለው የቋንቋ ክፍሉ ነው፤ ቁልፍ ሰሌዳውን መሥራት የሚችለው የኮምፒውተር ክፍሉ ነው፤ ቃላቱን የሚያውቁት ደግሞ በበዓል ቀን የምትጠይቋቸው አያቶቻችሁ ናቸው። ሦስቱን የሚያገናኝ ሥራ ለመመረቂያ ጽሑፍ የማይበቃ መስሎ የሚታያችሁ ካለ፣ እኔ ለማማከር ዝግጁ ነኝ። የእኛም የታሪክ ክፍል ከቀደሙት ፎንቶች ያልተመለሱ ሰነዶችን መሰብሰብ ይጠበቅበታል፤ ፍሎፒ ዲስክ በመሳቢያችሁ ያለ መምህራን ሳትጥሉት እንድታመጡልኝ እለምናለሁ።

ተማሪዬ በዓመቱ መጨረሻ ያስረከበችኝን የቤት ሥራ ስገልጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቋንቋዋ ስም በትክክለኛው ፊደል ተጽፎ አገኘሁት፤ «አውጚ»። እንዴት እንደቻለች ስጠይቃት ፊደሉን ከሠንጠረዡ ቀድታ በስልኳ ማስታወሻ እንዳኖረችው፣ በሚያስፈልጋት ጊዜ ሁሉ ከዚያ እያወጣች እንደምትለጥፈው ነገረችኝ። አንዲት ፊደል ለመጻፍ አራት እርምጃ። ያን ቀን ስለ ትጋቷ አመሰገንኳት። ዛሬ ግን የምለው ሌላ ነው፤ የእርሷ ታናሽ እኅት ይህን ያህል ትጋት ሊጠየቅባት አይገባም።